የተመሰጠረ የቻት ፕሮጀክት፦ ዲፊ-ሄልማንና ኤኢኤስ-ጂሲኤም እያለ ቀዳዳው የት ነው?

ሶኬት_ፈታኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለከፍተኛ ኔትወርክ ሴኪዩሪቲና ክሪፕቶግራፊ ኮርስ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የተመሰጠረ ቻት በፓይተን እየሠራን ነው። ክላየንቱና ሰርቨሩ በኤክስ25519 (በኩርባ ላይ የሚሠራ ዲፊ-ሄልማን፤ ሁለት ወገኖች ምስጢራቸውን ሳይልኩ የጋራ ምስጢር የሚያገኙበት ስልት) ይፋዊ ቁልፍ ይለዋወጣሉ። የሚገኘውን 32 ባይት የጋራ ምስጢር እንዳለ የኤኢኤስ-256-ጂሲኤም ቁልፍ እናደርገዋለን፤ ይህ መልእክቱን መስጥሮ እንዳልተነካ የሚያሳይ ታግ የሚባል ማረጋገጫ ይጨምርበታል። ኖንሱ፣ ማለትም በአንድ ቁልፍ ሁለቴ መደገም የሌለበት ቁጥር፣ በሁለቱም በኩል ከ0 ተነስቶ በየመልእክቱ 1 የሚጨምር ቆጣሪ ነው። በዋየርሻርክ (የኔትወርክ ትራፊክ ማሳያ ፕሮግራም) ሲታይ የሚነበብ ነገር የለም። በግምገማው ቀን ግን ሌላ ቡድን ሊያጠቃን ነው። ሌላው ችግር፣ ረዥም መልእክት ሲላክ አንዳንዴ ኢንቫሊድታግ (ታጉ አልተረጋገጠም) የሚል ስህተት ይመጣል፤ አጭሩ ግን ያልፋል። ለጽሑፍ ፈተናውስ ሒሳቡን እስከ የት ድረስ ማጥናት ይበቃል?

ፓኬት_አንባቢ፦
በዋየርሻርክ አለመነበቡ ብዙም አያጽናና። ዝም ብሎ የሚያዳምጥን ሰው ከልክላችኋል፤ መሀል ገብቶ የሚቀያይረውን አይደለም። በትንሽ ቁጥር ሠርታችሁ እዩት። ፕራይሙ 29፣ መሠረቱ 2 ይሁን። እያንዳንዱ 2ን በምስጢሩ ከፍ አድርጎ በ29 ሲካፈል የሚቀረውን ይልካል፤ የደረሰውንም ቁጥር በዚያው መንገድ በምስጢሩ ከፍ ያደርጋል። የክላየንቱ ምስጢር 9 ከሆነ 19 ይልካል፤ የሰርቨሩ 13 ከሆነ 14 ይልካል፤ ሁለቱም 3 ላይ ይገናኛሉ። አጥቂው 5ን ምስጢሩ አድርጎ መሀል ቢቆምና ለሁለቱም የራሱን 3 (2 ከፍ ሲል 5፣ በ29 ሲካፈል የሚቀረው፤ ከላይኛው 3 ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው) ቢልክላቸውስ? ከክላየንቱ ጋር 21፣ ከሰርቨሩ ጋር 19 ይጋራል። በአንዱ ፈትቶ አንብቦ በሌላው መስጥሮ ያሳልፋል፣ ታጉም በሁለቱም በኩል ትክክል ይሆናል።

መፍትሔው ፊርማ ነው። እያንዳንዱ ወገን ቋሚ የኢዲ25519 የፊርማ ቁልፍ ይኑረው፤ የማረጋገጫው ይፋዊ ቁልፍ አስቀድሞ በሌላኛው ማሽን ላይ ይቀመጥ። በዚያው ሶኬት ላይ ከላካችሁት ግን ልፋታችሁ ከንቱ ነው፣ አጥቂው እሱንም ይቀይረዋል። የሚፈረመውም የራስ ቁልፍ ብቻ አይሁን፤ ሁለቱም የኤክስ25519 ቁልፎችና የፈራሚው ሚና፣ ማለትም ክላየንት ወይም ሰርቨር መሆኑ፣ አብረው ይግቡ። ያለዚያ የድሮ ፊርማ ቀድቶ በሌላ ውይይት ላይ መለጠፍ ይቻላል። የድረ ገጾችን ግንኙነት የሚመሰጥረው ቲኤልኤስ 1.3ም የሚፈርመው እስከዚያ የተላለፈውን የእጅ መጨባበጥ (የመነሻ ልውውጥ) ሁሉ ሃሽ፣ ማለትም አጭር አሻራውን፣ ነው።

ቆጣሪ96፦
ማንም ቶሎ የሚያገኝባችሁ ሌላ ነገር ነው። ቁልፉ አንድ፣ ቆጣሪውም በሁለቱም በኩል ከ0 የሚጀምር ከሆነ የክላየንቱና የሰርቨሩ የመጀመሪያ መልእክቶች በአንድ ቁልፍና በአንድ ኖንስ ተመስጥረዋል ማለት ነው። ጂሲኤም ከውስጥ የቆጣሪ ሞድ ስለሆነ፣ ማለትም ከቁልፉና ከኖንሱ የወጣ የቢት ጅረትን ከጽሑፉ ጋር ኤክስኦር (ቢቶቹ ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0) ስለሚያደርግ፣ ሁለቱን የተመሰጠሩ መልእክቶች ኤክስኦር ማድረግ የሁለቱን ግልጽ ጽሑፎች ኤክስኦር ይሰጣል። አንዱ «ሰላም» መሆኑን የገመተ ሰው የሌላውን መነሻ ባይቶች ያነባል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከሁለቱ ታጎች ተነስቶ የማረጋገጫውን ምስጢር ማስላትና ሐሰተኛ መልእክት ማስገባት መቻሉ ነው።

እንዲህ አድርጉ፦ የጋራውን ምስጢር በኤችኬዲኤፍ (ከአንድ ምስጢር ቁልፎች የሚያወጣ ስልት) ከሻ-256 ሃሽ ጋር አሳልፉትና 64 ባይት አውጡ፤ የመጀመሪያው 32 ከክላየንት ወደ ሰርቨር፣ ቀሪው ለመልሱ። ቆጣሪው ከዚያ በኋላ በሁለቱም በኩል ከ0 ቢነሳ ጉዳት የለውም። የኤክስ25519 ቁልፉ ግን ለእያንዳንዱ ግንኙነት አዲስ ይፈጠር፤ ፋይል ላይ ከተቀመጠ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ያው ቁልፍ ከዜሮ ቆጣሪ ጋር ይመለሳል። «ኖንሱን በዘፈቀደ እናውጣው» የሚልም አይጠፋም። 96 ቢት በዘፈቀደ ሲመረጥ በአንድ ቁልፍ ከ2 ከፍ ሲል 32 መልእክት በላይ እንዳይላክ የተቀመጠ ገደብ አለ፣ ለቻት ይበቃል። እኔ ግን ቆጣሪውን እመርጣለሁ፣ የተደገመ መልእክትንም ስለሚይዝ። ይህ የሚሠራው ተቀባዩ የራሱን ቆጣሪ ከያዘ ነው፤ ኖንሱን ከፓኬቱ ላይ አንብቦ ካመነ አጥቂው በዚያው ግንኙነት ቀደም ብሎ ያለፈውን «እሺ» ደግሞ ይልከዋል።

ሶኬት_ፈታኝ፦
አመሰግናለሁ። ኤችኬዲኤፍ የግድ ነው? ሻ-256 ብቻውን አይበቃም?

ቆጣሪ96፦
የኤክስ25519 ውጤት የኩርባ ነጥብ እንጂ ወጥ የዘፈቀደ ቢት አይደለም፤ ሻ-256 ያን ያስተካክላል። ግን ሁለት ቁልፍ ስትፈልጉ መለያ ጽሑፍ እየጨመራችሁ የራሳችሁን ኤችኬዲኤፍ ልትፈጥሩ ነው። ላይብረሪው ውስጥ ያለውን ተጠቀሙ።

ሞዱሎ፦
የኢንቫሊድታግ ስህተት ከምስጠራው ጋር አይገናኝም። ሶኬታችሁ የሚጠቀመው ቲሲፒ የባይት ጅረት ነው፤ የመልእክት ድንበር አያውቅም። ከሶኬቱ የሚያነበው ሪሲቭ 4096 ማለት «እስከ 4096 ባይት ድረስ» ማለት ነው፤ 900 ብቻ ሊመልስ ይችላል፣ ታጉ ገና መንገድ ላይ እያለ ልትፈቱት ትሞክራላችሁ። አጭር መልእክቶችም በፍጥነት ሲላኩ ሁለቱ ተጣብቀው ይመጣሉ። ከእያንዳንዱ መልእክት ፊት 4 ባይት ርዝመት አስቀምጡ፤ ተቀባዩ መጀመሪያ 4ቱን፣ ቀጥሎ ልክ ያን ያህል ባይት እስኪሞላ በሉፕ ያንብብ። ርዝመቱን ጣሪያ አብጁለት፣ 65536 ይበቃል፤ አለዚያ አንድ ሰው 4 ጊጋባይት ነው ብሎ ሜሞሪያችሁን ይሞላዋል። ታግ ሲከሽፍ ደግሞ ግንኙነቱን ዝጉ እንጂ መልእክቱን ዘልላችሁ አትቀጥሉ።

ለፈተናው ፈጣን ኤክስፖነንት ማስላት፣ የተራዘመው የኢዩክሊድ ስልት፣ የፌርማና የኦይለር ቲዎረም፣ የቻይናውያን ቀሪ ቲዎረም፣ በትንሽ ኩርባ ላይ ነጥብ መደመር። እነዚህን በእጅ መሥራት ካልቻላችሁ ማንበቡ ብቻ አያሳልፍም። ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ስህተት ኤክስፖነንቱን በፕራይሙ አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ነው፤ መካፈል ያለበት ከፕራይሙ 1 ተቀንሶ በሚገኘው ቁጥር ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 9 ሲባዛ በ13፣ 117 ነው። በ28 ሲካፈል 5 ይቀራል፣ 2 ከፍ ሲል 5 ደግሞ 32፣ እሱም በ29 ሲካፈል ቀሪው 3። ኤክስፖነንቱን በ29 ካካፈላችሁት ግን 1 ይቀርና መልሱ 2 ይወጣል። አርኤስኤ ላይም እንዲሁ ነው፤ የግል ኤክስፖነንቱ የሚፈለገው በኤን (በሁለቱ ፕራይሞች ብዜት) ሳይሆን በፋይ ኤን (ከእያንዳንዱ ፕራይም 1 ተቀንሶ በሚገኘው ብዜት) ነው።

ፓኬት_አንባቢ፦
ከግምገማው በፊት መሀል የሚቆም ትንሽ ፕሮክሲ ራሳችሁ ጻፉ። አንድ ቢት ይገልብጥ፣ አንድ መልእክት ይድገም፣ የሁለት መልእክቶችን ቅደም ተከተል ያቀያይር፣ ይፋዊ ቁልፉን ይተካ፣ የክላየንቱን መልእክት ለራሱ ለክላየንቱ ይመልስ። በአምስቱም ግንኙነቱ መዘጋት አለበት። ስድስተኛውና ብዙ ቡድን የሚረሳው መስመሩን መሀል ላይ መቁረጥ ነው፦ ሪሲቭ 0 ባይት ሲመልስ ፕሮግራማችሁ ውይይቱ በሰላም አልቋል ብሎ እንዳያስብ፣ የማብቂያ መልእክቱም ተመስጥሮ ታግ ይዞ ይምጣ።