ጥያቄ፦ ሀዋሳ ያለ ሆቴል የሚሰጠው አገልግሎት ዓለም አቀፍ የሚሆነው በምኑ ነው?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። እዚሁ ሀዋሳ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን። የመመረቂያ ጽሑፌ በከተማችን ሆቴሎች ስለሚሰጥ ዓለም አቀፍ አገልግሎት ጥራት ነው። ፕሮፖዛሉን ሳቀርብ አማካሪዬ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዓለም አቀፍ ያሰኘው ምኑ ነው?» «የውጭ ዜጎች ስለሚያርፉበት» አልኳቸው። «አይበቃም፣ አስቢበት» አሉኝ። መጠይቁን ሰርቭኳል ከሚባለው የአገልግሎት ጥራት መለኪያ ወስጄ አዘጋጅቻለሁ። ሆቴሎቹ ጋ ከመሄዴ በፊት ግን ይሄ ነገር ይጥራልኝ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ታቦር ግርጌ
እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። መጀመሪያ ድንበር የተሻገረው ማን እንደሆነ ለዪ። የዓለም ንግድ ድርጅት የአገልግሎት ንግድ ስምምነት አለ፤ ጋትስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ይሠራበታል። አራት መንገዶችን ያስቀምጣል። አንደኛው አገልግሎቱ ራሱ ሲሻገር ነው፤ ሀዋሳ ቤቱ ቁጭ ብሎ ናይሮቢ ላለ ድርጅት ድረ ገጽ የሚሠራ ልጅ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ተገልጋዩ ሲሻገር ነው፤ ሐይቁን ሊያይ የመጣ ቱሪስት፣ ወይም ለሕክምና ህንድ የሚሄድ የእኛ ሰው። ሦስተኛው ድርጅቱ ሲሻገር ነው፤ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት የጀመረው እዚሁ ኩባንያ አቋቁሞ ነው። አራተኛው ባለሙያው ለጊዜው ሲሻገር ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ማሽን ሊተክል ለጥቂት ሳምንት የሚመጣ መሐንዲስ።

ያንቺ ሁለተኛው ነው። ይሄን ምዕራፍ አንድ ላይ በአንድ አንቀጽ አስቀምጪው። ሆቴሉ የውጭ ኩባንያ ንብረት ከሆነ ሦስተኛውም ይመጣል፤ ግን ሁለቱን አትቀላቅያቸው። አንዱ የእንግዳው ጉዳይ ነው፣ አንዱ የባለቤቱ።

የቁጥር ሰው
ትክክል ነው። እኔ አንድ ልጨምር፤ ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። «የውጭ ዜጋ» የሚለውን ተይና «ነዋሪነቱ ውጭ አገር የሆነ» በይ። የአገር የክፍያ ሚዛን፣ ማለትም አገሪቱ ከውጭ ጋር ያላት የገቢና የወጪ መዝገብ፣ ሲሠራ የሚታየው ሰውየው የሚኖርበት አገር እንጂ ፓስፖርቱ አይደለም። መለኪያው በጥቅሉ አንድ ዓመት ነው። ፓርኩ ውስጥ ሁለት ዓመት የሚሠራ የስሪላንካ ሱፐርቫይዘር ቅዳሜ ሆቴል ቢያድር የአገር ውስጥ እንግዳ ነው። ዋሽንግተን የሚኖር ሀበሻ ለእረፍት መጥቶ ሲያድር ግን፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢይዝም፣ የሚያወጣው ገንዘብ የአገልግሎት ኤክስፖርት ይሆናል። ዲፕሎማትና ተማሪ የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ እሱ ለጊዜው ይቆይሽ።

መጠይቁ ላይ ዜግነት ብቻ ከጠየቅሽ ይሄ ሁሉ ያመልጥሻል። «አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት የት ነው?» እና «ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ያህል ይቆያሉ?» የሚሉትን ጨምሪ።

ሐይቅ ዳር
እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ዲያስፖራውን የት ላድርገው? አማርኛ ይናገራል፣ ክትፎ ያዛል። አገልግሎቱን የሚመዝነው ግን በእኛ ልማድ ነው ወይስ እዚያ በለመደው?

የቁጥር ሰው
ያንቺ ጽሑፍ ጥሩ ጥያቄ ይሄ ነው! በክፍያ ሚዛኑ የውጭ እንግዳ ነው። ለጥራት ምዘናው ግን ለብቻው ምድብ ስጪው፤ መልሱን ዳታው ይንገርሽ።

ሪሴፕሽን
እኔ እዚሁ ከተማ ሆቴል ነው የምሠራው። መጠይቁን ቼክ ኢን ላይ እንዳትሰጪ። ከአዲስ አበባ በመኪና መጥቶ የደከመው ሰው የሚፈልገው ቁልፉን ነው፤ አገልግሎቱንም ገና አላየውም። የሚሻለው በሚወጣበት ቀን ቁርስ ላይ ነው። ማኪያቶውን ይዞ ሾፌሩን ሲጠብቅ ደስ ብሎት ይሞላልሻል። ደግሞ አስተናጋጆቹ እንዲያድሉልሽ አታድርጊ። ያስተናገደው ልጅ ፊቱ ቆሞ እያየው ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጥ እንግዳ ጥቂት ነው። ራስሽ ስጪ፣ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይክተቱት።

ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ሥራ አስኪያጁን አናግሪ። የእንግዶችን ስምና ስልክ ግን አትጠይቂ፤ አንሰጥም፣ መስጠትም የለብንም። ስብሰባ ባለበት ሳምንት ብቻ ከመጣሽ የምታገኚው የኤንጂኦ ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድም ነይ።

አረብ ሰፈር
እኔን ያሳሰበኝ መጠይቁ ነው። ሰርቭኳልን ፓራሱራማን፣ ዘይታምልና ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲያወጡት 22 ጥያቄ ነበረው፤ ግን እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። አንዴ እንግዳው የጠበቀው፣ አንዴ ያገኘው። 44 ጥያቄ ማለት ነው፤ ቁርስ ላይ ማን ይሞላዋል? ክሮኒንና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1992 «ያገኘውን ብቻ እንለካ» ብለው ሰርቭፐርፍን አመጡ። እሱን ውሰጂ። ከዚያ ለእኛ የሚሆነውን ጨምሪ፦ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ቶሎ ይነሳል? ሙቅ ውኃ ጠዋት አለ? የውጭ ካርድ ይሠራል?

የቁጥር ሰው
እዚህ ላይ አልስማማም። የጠበቁትን ካልጠየቀች ከናይሮቢ የመጣውና ከዋሽንግተን የመጣው ለምን እንደተለያዩ በምን ታውቃለች? አጭሩን መጠይቅ ትጠቀም፤ ግን ከየምድቡ ጥቂት ሰዎችን በቃለ መጠይቅ ስለጠበቁት ታናግር። አማካይ ነጥብ ለማወዳደርም አትቸኩዪ። «5» ለመስጠት የማይሰስት ሕዝብ አለ፣ ጥሩ ሆኖለትም «4» ላይ የሚቆም አለ። መጠይቁ በሁሉም ምድብ አንድ ዓይነት ነገር መለካቱን አስቀድመሽ ፈትሺ።

አረብ ሰፈር
ቃለ መጠይቁ ከገባበት እኔም እስማማለሁ።

ሐይቅ ዳር
ርዕሱን እንዲህ ቀየርኩት፦ «ነዋሪነታቸው ውጭ አገር የሆኑ እንግዶች የሀዋሳ ሆቴሎችን የአገልግሎት ጥራት እንዴት ይመዝናሉ?» ነገ ለአማካሪዬ አሳያቸዋለሁ። ምን ትላላችሁ?

ታቦር ግርጌ
ጥሩ ነው። ዲያስፖራውን ለብቻ የያዝሽበትን ምክንያት ግን ምዕራፍ ሦስት ላይ በደንብ ጻፊው፤ ዲፌንስ ላይ የሚይዙሽ በእሱ ነው።