ድራይቨሬ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ አዲሱ ላይ ይወድቃል፤ ኬርነል የፕሮግራምን ሜሞሪ እንዴት ነው በሰላም የሚነካው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ወገኖች። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁና እርዱኝ።

አባቴ ባሶና ወራና ውስጥ ገበሬ ነው። አምና ጥቅምት ላይ አንድ ሌሊት የጣለ ውርጭ ባቄላውን መትቶት አደረ። ለመመረቂያዬ የሙቀት ሴንሰር በዩኤስቢ አያይዤ፣ ብርዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ስልክ ላይ የሚያስጠነቅቅ ነገር እየሠራሁ ነው። የሊነክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ሴንሰሩን ከኬርነሉ (ከሊነክስ እምብርት) ጋር የሚያገናኘውን ኮድ የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ፕሮግራሜ በአይኦክትል (ፕሮግራም ለድራይቨር ጥያቄ በሚልክበት ጥሪ) አንድ ትንሽ ስትራክት፣ ማለትም የመረጃ ጥቅል ይልካል። ውስጡ ሁለት ነገር አለ፦ ስንት ንባብ እንደሚፈልግ፣ ንባቦቹም የት አድሬስ ላይ እንዲቀመጡለት። ድራይቨሩ ፖይንተሩን (አድሬሱን የያዘውን ቁጥር) ይቀበልና በቀጥታ ያነባል፣ በቀጥታ ይጽፍበታል።

ያገለገለው አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የጓደኛዬ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ግን ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ይገደላል። ዲሜስግ (የኬርነሉ የመልእክት መዝገብ) ላይ የወጣውን በስልክ ፎቶ አንስቻለሁ። የፔጅ ፎልቱን (ፔጅ የሚባል የሜሞሪ ቁራጭ ሲነካ የመጣውን መሰናክል) ማስተናገድ አልተቻለም ይላል። ከሥሩ «ሱፐርቫይዘር ሪድ አክሰስ»፣ ኤረር ኮድ 1፣ «ፐርሚሽንስ ቫዮሌሽን» የሚል አለ። አድሬሱ ትክክል ነው። ፕሮግራሙ ያተመውና ዲሜስግ ያሳየው አንድ ነው። ኬርነል ሁሉንም ሜሞሪ ማየት ይችላል አይደል እንዴ? ታዲያ ማነው የከለከለው?

ከጠባሴ

የከለከለው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው ወንድሜ። መልሱ እዚያው ፎቶህ ላይ አለ። ኤረር ኮዱ 0 ቢሆን ኖሮ «ፔጁ ሜሞሪ ላይ የለም» ማለት ነበር። 1 ሲሆን ግን «ፔጁ አለ፣ አልተፈቀደልህም» ማለት ነው። ሱፐርቫይዘር ሪድ የሚለው ደግሞ ለማንበብ የሞከረው ኬርነሉ መሆኑን ይነግርሃል።

ይህ መከላከያ ስማፕ ይባላል። ኢንቴል ብሮድዌል ከሚባሉት ፕሮሰሰሮቹ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ አስገብቶታል። ኬርነል የፕሮግራሞችን ሜሞሪ ሳያስበው እንዳይነካ ይዘጋበታል። አሮጌው ላፕቶፕህ ከዚያ በፊት የተሠራ ይመስለኛል። ፕሮክ ሥር ያለውን ሲፒዩኢንፎ የሚባል ፋይል ከፍተህ ፍላግስ የሚለው መስመር ላይ ስማፕ መኖር አለመኖሩን እይ። አዲሱ ላፕቶፕ አልተበላሸም። አሮጌው ነው ስህተትህን ደብቆልህ የቆየው።

መድኃኒቱ ፖይንተሩን በቀጥታ አለመንካት ነው። ከፕሮግራሙ ለመውሰድ ኮፒ_ፍሮም_ዩዘር፣ ለፕሮግራሙ ለመስጠት ኮፒ_ቱ_ዩዘር ተጠቀም። እነሱ ስታክ በሚባል ትእዛዝ በሩን ለአፍታ ከፍተው፣ ቀድተው ሲጨርሱ በክላክ መልሰው ይዘጉታል።

ሌላው ደግሞ፣ የሰው ላፕቶፕ ላይ አትሞክር። ኪውኢሙ በሚባል አስመሳይ ማሽን ውስጥ ሞክር። ያለ ኬቪኤም፣ ማለትም የማሽንህን ፕሮሰሰር በቀጥታ ሳይጠቀም ካስነሳኸውና የሲፒዩውን ዓይነት ማክስ ካልከው፣ አሮጌው ማሽንህ ላይም ቢሆን ስማፕን አስመስሎ ያሳይሃል። ኬርነሉን ስትገነባም የሎክና የእንቅልፍ መፈተሻዎቹን አብራቸው።

ከደብረ ሲና

ማቅረቢያ ቀንህ ከደረሰ፣ ኬርነሉ ሲነሳ ስማፕን ማጥፋት ይቻላል። ለጊዜው ያሻግርሃል።

ከመሐል ሜዳ

እባክህ ልጄ፣ ይህን አታድርግ። ደብረ ሲና ያለው ልጅ ሊረዳህ ብሎ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ችግሩ ከስማፕ ይሰፋል።

አስበው እስቲ። ለፕሮግራሙ አድሬስ ማለት ቁጥር ነው። የፈለገውን ቁጥር ሊልክልህ ይችላል። በተለመደው 64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽን ላይ የታችኛው 128 ቴራባይት የፕሮግራሞች ነው፣ የላይኛው ጫፍ የኬርነል። አንድ ክፉ ሰው «ንባቦቹን እዚህ አስቀምጥልኝ» ብሎ ከላይኛው ጫፍ አንድ አድሬስ ቢልክልህስ? ድራይቨርህ እሺ ብሎ የሙቀት ቁጥሮቹን ኬርነሉ ራሱ ላይ ይጽፍለታል። ሰውየው መርጦ ካስጻፈህ የማሽኑ ጌታ ሆነ ማለት ነው። ልብ በል፣ ስማፕ በርቶም ቢሆን ይህንን አያድንህም። ስማፕ የሚዘጋው የፕሮግራሞችን ፔጅ ነው። ኬርነል የራሱን ሜሞሪ ሲጽፍ ማን ይከለክለዋል?

ኮፒ_ቱ_ዩዘር ግን ከመቅዳቱ በፊት አክሰስ_ኦኬ የሚባለውን ፍተሻ ያደርጋል። አድሬሱም፣ ከአድሬሱ እስከ ርዝመቱ ያለውም ሁሉ በፕሮግራሞች ክልል ውስጥ መሆኑን ያያል። ካልሆነ አይቀዳም።

ይህ ተራ ጥንቃቄ እንዳይመስልህ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ሊነክስ 4.13 ላይ ዌይትአይዲ የተባለው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ኬርነሉን የሚጠራበት በር) ውስጥ ይህቺው አንዲት ፍተሻ ተረሳች። ተራ ፕሮግራም በዚያ ቀዳዳ ወደ ኬርነል ሜሞሪ ማስጻፍ ቻለ። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ላይ የኖሩ ሰዎች እጅ ላይ ነው የተረሳችው። እኔና አንተማ እንዴት አንጠንቀቅ!

ከደብረ ሲና

እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ምክሬን አንስቻለሁ።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቀየርኩት፣ አዲሱም ላይ አልወደቀም። ነገር ግን ኪውኢሙ ውስጥ መፈተሻዎቹን አብርቼ ሳየው ሁለት ነገር መጣ። አንደኛ፣ ሆን ብዬ የተሳሳተ አድሬስ ስልክ አይኦክትሉ ስህተት በመመለስ ፈንታ 16 ይመልሳል። ሁለተኛ፣ «መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ የሚተኛ ፋንክሽን ተጠራ» የሚል ማስጠንቀቂያ ዲሜስግ ላይ ይወጣል። ኮዴ በአጭሩ፦ ስፒንሎክ (ሌላው ኮር እየተሽከረከረ የሚጠብቀው ቁልፍ) እይዛለሁ፣ የንባብ ብዛቱን ቀድቼ ከ64 እንደማይበልጥ አያለሁ፣ ከዚያ ሙሉውን ስትራክት ቀድቼ በብዛቱ ልክ እሞላለሁ።

ከአንኮበር

ወንድም ጋሼ፣ ይህ እኔንም ያስለቀሰኝ ቦታ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

16ቱ ቀላል ነው። ኮፒ_ፍሮም_ዩዘር የሚመልሰው የስህተት ቁጥር አይደለም፤ ሳይቀዳ የቀረውን ባይት ብዛት ነው። ሙሉ በሙሉ ከተሳካ 0 ይመልሳል። ስትራክትህ 4 ባይት ቁጥር፣ 4 ባይት ክፍተትና 8 ባይት አድሬስ ነው፤ ድምሩ 16። አንድም ሳይቀዳ ስለቀረ 16 አለህ። አንተ ደግሞ ያንኑ ለፕሮግራሙ አቀበልከው፤ ፕሮግራሙ ፖዘቲቭ ቁጥር ሲያይ ተሳካ ብሎ ያምናል። የተመለሰው 0 ካልሆነ ኔጌቲቭ ኢፎልት መልስ። ይህ ቁጥር 14 ነው። ፕሮግራሙ ዘንድ «ባድ አድሬስ» ሆኖ ይደርሳል።

ማስጠንቀቂያው ስለ ስፒንሎኩ ነው። የፕሮግራሙ ፔጅ በዚያ ሰዓት ሜሞሪ ላይ ላይኖር ይችላል። ገና ያልተመደበ ወይም ወደ ስዋፕ (ዲስክ ላይ ወዳለው ማቆያ) የወጣ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ኮፒው ፔጁ እስኪመጣ ይተኛል። ስፒንሎክ ይዞ መተኛት ደግሞ ክልክል ነው፤ ሎኩን የሚጠብቀው ሌላው ኮር እየተሽከረከረ ይቀራል። ስለዚህ ሎኩን ከመያዝህ በፊት ስትራክቱን ቅዳ። ከዚያ ሎክ ይዘህ ንባቦቹን ወደ ራስህ የኬርነል በፈር (ማቆያ ቦታ) ውሰድ፣ ሎኩን ልቀቅ፣ በመጨረሻ ኮፒ_ቱ_ዩዘር ጥራ።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልንገርህ፣ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነውና። ብዛቱን ሁለት ጊዜ ነው የቀዳኸው። መጀመሪያ ለብቻው ቀድተህ 64 ወይም ከዚያ በታች መሆኑን አየህ። ከዚያ ሙሉውን ስትራክት ስትቀዳ ብዛቱ እንደገና አብሮ መጣ፣ የሠራህበትም በሁለተኛው ነው። በመሃል የፕሮግራሙ ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ክፍሉ) ቁጥሩን 5000 ቢያደርገውስ? ገበያ ላይ ገብስ መዝነህ ዋጋ ከቆረጥክ በኋላ፣ ፊትህን ስታዞር ጆንያው ቢቀየር ማለት ነው። የመዘንከውንና የጫንከውን አንድ ማድረግ አለብህ። አንድ ጊዜ ብቻ ቅዳ፣ የቀዳኸውን ፈትሽ፣ በፈተሽከው ሥራ። ወደ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ዳግም አትመለስ።

ከሸዋ ሮቢት

ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። አክሰስ_ኦኬ አድሬሱ ክልል ውስጥ መሆኑን ብቻ ነው የሚያየው ተባለ። ክልሉ ውስጥ ሆኖ ምንም የሌለበት አድሬስ ከሆነስ? ኮፒው መሃል ላይ ፎልት ሲመጣ ኬርነሉ ለምን አብሮ አይወድቅም?

ከመሐል ሜዳ

ጥሩ ጠየቅክ። በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

ድሮ፣ እስከ ሊነክስ 2.0 ድረስ፣ ቬሪፋይ_ኤሪያ የሚባል ፋንክሽን ነበር። ከመቅዳት በፊት ቦታው በእርግጥ የፕሮግራሙ መሆኑን በየጊዜው ይመረምራል። አብዛኛው አድሬስ ግን ትክክል ነው። ለጥቂት ስህተት ሲባል ሁልጊዜ መክፈል ሆነ። ከዚያም በላይ መርምረህ እስክትቀዳ ድረስ ሌላ ትሬድ ቦታውን ሊያነሳው ይችላል። የአንኮበሯ ልጅ ያለችው የጆንያ ነገር እዚህም አለ።

ከ2.1 ወዲህ መንገዱ ተቀየረ። ከአክሰስ_ኦኬ የክልል ፍተሻ ሌላ ኬርነሉ ቀድሞ አይመረምርም፤ በቀጥታ ይቀዳል። ሲገነባ ግን አንድ ሠንጠረዥ ይዘጋጅለታል። የፕሮግራምን ሜሞሪ የሚነካ እያንዳንዱ ትእዛዝ አድሬሱ ተመዝግቧል፤ ከጎኑ «እዚህ ላይ ከተደናቀፍክ ወደዚህ ሂድ» የሚል ሌላ አድሬስ አለ። ፎልት ሲመጣ ኬርነሉ መጀመሪያ ፔጁን ለማምጣት ይሞክራል። ቦታው ትክክለኛ ከሆነ ፔጁ ይመጣል፣ ቅጂው ካቆመበት ይቀጥላል። ቦታው ከነጭራሹ ከሌለ፣ የተደናቀፈውን ትእዛዝ ሠንጠረዡ ላይ ይፈልገዋል። ካገኘው ወደተጻፈለት መውጫ ይዘልላል፤ ኮፒውም የቀረውን ባይት ቆጥሮ ይመለሳል። ካላገኘው ግን ኡፕስ ነው፣ የኬርነል ውድቀት።

የጠያቂው የመጀመሪያ ኮድ የወደቀውም ለዚህ ነው። በቀጥታ ፖይንተር ስትነካ ያንተ ትእዛዝ ሠንጠረዡ ላይ የለም። ተራው የመቅጃ ፋንክሽን ሜምኮፒም እንዲሁ።

ከጠባሴ

ጋሼ ባሉት ላይ አንዲት ልጨምር። ከፕሮግራም የመጣን ፖይንተር ሁሉ በሁለት የሥር መስመርና ዩዘር በሚል ቃል ምልክት አድርግበት። ከዚያ ሞጁሉን ስትገነባ ሲ=1 ብለህ ስፓርስ የሚባለውን የኮድ መርማሪ አስነሳ። ምልክቱ ያለበትን ፖይንተር በቀጥታ የነካህበትን መስመር ቁጥሩን ጠርቶ ያሳይሃል።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ እህቴ፣ ወንድሞቼ፣ ሠራ! ስፓርስ ሁለት የረሳኋቸውን መስመሮች አወጣልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እቀዳለሁ፣ ሎኩንም ከሱ በኋላ ነው የምይዘው። አድሬስ 0 ላኩ፣ 14 መለሰ። ከኬርነል ክልል አድሬስ ላኩ፣ 14 መለሰ። ብዛቱን 5000 አድርጌ ላኩ፣ አልቀበልም አለ። ዲሜስግ ላይ ምንም የለም።

ዛሬ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሴንሰሩን መስኮቱ ላይ አንጠልጥዬ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ አስነሳሁት። 3 ዲግሪ አነበበ። ነገ ወደ አባቴ ማሳ ይዤው እሄዳለሁ።

ከመሐል ሜዳ

ጎሽ ልጄ። ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ሎክ ከያዝክ በኋላ በስህተት የምትወጣበት ቦታ ካለ አንድ በአንድ እየቆጠርክ፣ ሁሉም ላይ ሎኩን መልቀቅህን እይ። ማሳ ላይ ሌሊት ቢቆም የሚቀሰቅሰው ሰው የለም።