«ፊደል አያዳላም» ያለው ዳይሬክተር

የታቦር ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ሀዋሳ አንድ ፊልም ሲመረቅ ነበርኩ። ዋናው ተዋናይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከስክሪኑ አልጠፋም። ፖስተሩ ላይ ግን ስሙ ስድስተኛ ነው የወጣው። ካፌ ገብታ ማኪያቶ ጠጥታ የምትወጣዋ ልጅ አንደኛ! ዳይሬክተሩን ስንጠይቀው «በፊደል ተራ ነው፤ ፊደል አያዳላም» ብሎን እርፍ። ደሜ ፈላ።

አቶቴ፦ እውነቱን ነው። ስም ቀደመ አልቀደመ ትወናው ያው ነው። ይሄ የፈረንጅ ጭቅጭቅ ነው።

ፈንዲሻ፦ የፈረንጅ? የሰርግ ጥሪ ካርድ ላይ የማን አባት ስም ይቅደም ተብሎ የተኮራረፈ ቤተሰብ አላውቅም በለኛ!

ባለ ባጃጅ፦ እኔ «አያዳላም» የምትለዋን ልያዛት። አጎቴ ኃይሉ ይባላል። በሃሌታው ሀ ጻፉት፣ አንደኛ ነው። በብዙኃኑ ኀ ጻፉት፣ ከ«ተ» ወዲያ ይወርዳል። ታዲያ ያዳላው ማነው? ፖስተር የሠራው ልጅ ነዋ!

አቶቴ፦ ሰው ፊደል ሊቆጥር ነው ሲኒማ የሚገባው?

የፊልም ፍቅር፦ አቶቴ፣ በሆሊውድ ይሄ ነገር ውል ላይ ይሰፍራል። የስሙ ቦታ፣ የፊደሉ መጠን፣ ብቻውን ይውጣ ወይስ ከሌላ ጋር፣ ሁሉም ተደራድረውበት ነው። በፈረንጆቹ 1974 በወጣው «ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ» ፊልም ስቲቭ ማክዊንና ፖል ኒውማን ማን ይቅደም ተባለ። የማክዊን ስም በግራ ዝቅ አለ፣ የኒውማን በቀኝ ከፍ አለ። ከግራ ስታነብ ማክዊን ይቀድማል፣ ከላይ ስታነብ ኒውማን። ሁለቱም «እኔ አንደኛ» ብለው ቤታቸው ገቡ። የ1978ቱን «ሱፐርማን» ደግሞ ተመልከት። የሚበረው ክሪስቶፈር ሪቭ ነው፤ ስሙ ግን ከማርሎን ብራንዶና ከጂን ሃክማን ኋላ ነው።

አቶቴ፦ ይኸው! ዋናው ሰውዬ ሦስተኛ ሆኖ ምን ጎደለበት?

የፊልም ፍቅር፦ ሪቭን ያኔ ማን ያውቀዋል? ትኬት የሚሸጠው የብራንዶ ስም ነበር። ማኪያቶ ጠጪዋ ስንት ትኬት ሸጠች?

የታቦር ልጅ፦ ቆይ ቆይ! ልጅቷ እኮ ቲክቶክ ላይ ተከታዮቿ ብዙ ናቸው! ፊደሉን ሽፋን አድርገውት ነው!

ፈንዲሻ፦ ኧረ ልጅቷን ተዋት፣ ምን አደረገችህ? ማኪያቶውንም ደህና አድርጋ ነው የጠጣችው።

የታቦር ልጅ፦ ዘመድሽ ናት እንዴ?

ፈንዲሻ፦ ብትሆንስ?

የፊልም ፍቅር፦ ደግሞ መጨረሻ መውጣት ሁሌ ውርደት አይደለም። በ1960 በወጣው «ሳይኮ» ዝነኛዋ ጃኔት ሊ ከሌሎቹ ተዋንያን ሁሉ በኋላ «እና ጃኔት ሊ» ተብላ ነው የወጣችው። «እና»ዋ ራሷ ማዕረግ ናት።

ባለ ባጃጅ፦ እኛ ጋ «እና» ተብሎ ስሙ የወጣ ሰው መብራት የያዘው ልጅ ነው የሚመስለን።

ፈንዲሻ፦ መጨረሻ ላይ ከሆነማ ማን ያየዋል? ሰው ገና «ተፈጸመ» ሳይባል ውጭ ወጥቶ ባጃጅ ይሻማል። ባለ ባጃጅም ያን ሰዓት ዋጋ ይቆልላል።

ባለ ባጃጅ፦ እኔ ምን አገባኝ፣ ማታ አልሠራም!

አቶቴ፦ ከርዕሱ አትውጡ። ሀቁን ልንገራችሁ፣ ፊደል አያዳላም።

ባለ ባጃጅ፦ «ሀቁን» ያልከው በየትኛው ሀ ነው?