ኢመርዥን፣ ሞንቴሶሪ ወይስ የሰፈሩ ትምህርት ቤት? ለፕሪኬ 4፣ ዲሲ

እናት_ከዋርድ4

ሰላም ለሁላችሁ። ወንዱ ልጃችን ከሴፕቴምበር 30 በፊት 4 ዓመት ስለሚሞላው ለሚቀጥለው ዓመት ፕሪኬ 4 (የ4 ዓመት ልጆች ክፍል) ልናስገባው ነው። ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛውን ከካርቱንና ከመጫወቻ ሜዳ እየለቃቀመ ነው። ሦስት ምርጫ አለን፦ በእግር 6 ደቂቃ የሆነው የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሹን ቀን በስፓኒሽ የሚያስተምር (ኢመርዥን የሚሉት) ቻርተር፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ ራሱን ችሎ የሚተዳደር ነጻ ትምህርት ቤት፣ እና አንድ የሞንቴሶሪ ቻርተር። ሁለቱ ቻርተሮች በአውቶቡስ ከ35 ደቂቃ በላይ ይወስዳሉ። እኔ ማለዳ ሥራ እገባለሁ፣ ባለቤቴ ሌሊት ነው የሚሠራው።

ሦስተኛ ቋንቋ ሲጨመርበት አማርኛው አይጠፋም? ሞንቴሶሪ ልጆች ያሻቸውን የሚያደርጉበት ነው ሲባል እሰማለሁ፣ እውነት ነው? የትምህርት ቤት ምደባ ሎተሪው ላይስ የቱን አንደኛ ላድርግ? ታናሽ እህቱ ገና 1 ዓመቷ ነው፤ እሷም እሱን ተከትላ እንድትገባ ነው ሐሳባችን።

ከምዝገባ_ጠረጴዛ

እህቴ፣ ቀነ ገደብ ያለው የሎተሪው ጥያቄሽ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። የማይ ስኩል ዲሲ (የከተማው የትምህርት ቤት ሎተሪ) ማመልከቻ ዲሴምበር አጋማሽ ገደማ ይከፈታል፤ ከፕሪኬ 3 እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ማርች መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። በመጀመሪያው ቀን የሞላና በመጨረሻው ቀን የሞላ እኩል ነው። ከተዘጋ በኋላ ያመለከተ ግን ከሁሉም ኋላ ይሰለፋል።

እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል መጻፍ ትችያለሽ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ያንን ሁሉም ሰው ይፈልገዋል፣ አንደኛ ባደርገው ዕድሌን አባክናለሁ» ብሎ ልቡ ያልፈቀደውን ከላይ ያስቀምጣል። አሠራሩ እንደዚያ አይደለም። አንደኛው ካልደረሰሽ፣ ሁለተኛው ላይ ያለሽ ዕድል ከመጀመሪያው አንደኛ ብለሽ ጽፈሽው ቢሆን ከሚኖርሽ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በምትፈልጊው ቅደም ተከተል ጻፊ፣ ስሌት አያስፈልገውም። 4ኛው ቢደርስሽ ከ1 እስከ 3 ባሉት ተጠባባቂ ትሆኛለሽ፤ ከ5ኛው ጀምሮ ወደ ታች ያሉት ግን በሙሉ ይሰረዛሉ። ለዚህ ነው ልጅሽን የማትልኪበትን ትምህርት ቤት ቦታ ለመሙላት ብለሽ መጻፍ የሌለብሽ። እሱ ከደረሰሽ ከበታቹ ያለው የተሻለው ቀረብሽ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የሰፈር ትምህርት ቤት መቀመጫ በመብት የሚገኘው ከኪንደርጋርተን (ከፕሪኬ 4 ቀጥሎ ካለው ክፍል) ጀምሮ ነው። ለፕሪኬ 3 እና 4 ትምህርት ቤቱ በሚያገለግለው ክልል ውስጥ መኖር አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ ያስገኛል እንጂ ቦታ አያረጋግጥም። ስለዚህ የ6 ደቂቃውንም ትምህርት ቤት ሎተሪው ላይ ጻፊው፤ «የሰፈራችን ስለሆነ ይቀበሉናል» ብሎ መተው ዓመቱን ያለ ቦታ ያስቀራል። ደግሞም አድራሻሽን አስገብተሽ ክልልሽ የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አረጋግጪ። እንደ ባንክሮፍት፣ ፓወልና ማሪ ሪድ ያሉት የሰፈር ትምህርት ቤቶች ራሳቸው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ያስተምራሉ፤ ክልልሽ ከነዚህ አንዱ ከሆነ ከሦስቱ ምርጫዎችሽ ሁለቱ አንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው።

ቤተሰቡ ስናፕ (የምግብ ድጎማ) ወይም ታንፍ (የገንዘብ ድጎማ) የሚያገኝ ከሆነ ማመልከቻው ላይ ያለውን ጥያቄ አትዝለዪው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ለይተው የሚይዙት መቀመጫ አለ።

መምህርት_3ኛ_ክፍል

አማርኛውን የሚያጠፋው ስፓኒሽ አይደለም፤ እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛም ቢማር፣ ግማሹን በስፓኒሽም ቢማር፣ ጓደኞቹ የሚጫወቱበት ቋንቋ ወደ ቤት ተከትሎት ይመጣል። በዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ስፓኒሽ ብዙ ቦታ አለ፤ ማንዳሪን ዩ ዪንግ፣ ፈረንሳይኛ ኤልሲ ዊትሎ ስቶክስ፣ ዕብራይስጥ ሴላ ይገኛሉ። አማርኛውን ማቆየት ግን በየትኛውም ምርጫ የእናንተ ሥራ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አትጠብቁት።

ስለ ኢመርዥኑ እቅጩን ልንገርሽ። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ማያሚ ውስጥ ኮራል ዌይ በ1963፣ ኪውቤክ ውስጥ ሴንት ላምበርት በ1965 ጀምረውታል። ሁለት ዋና ዓይነት አለ። በ50/50 ግማሽ ግማሽ ነው። በ90/10 በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአሥር ዘጠኝ እጁ በሁለተኛው ቋንቋ ሆኖ እንግሊዝኛው በየዓመቱ ይጨምራል። ለአንቺ ልጅ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች አዲስ ናቸው። እነዚህ ክፍሎች የሚታሰቡት ግማሹ ልጅ ስፓኒሽ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ይዞ እንደሚመጣና አንዱ ሌላውን እንደሚያስተምር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጋር ይመደባል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን «ልጄ እንግሊዝኛም ገና እየተማረ ነው፤ የኢኤስኤል (እንግሊዝኛን ለሚለምዱ ልጆች የሚሰጥ) ድጋፍ በየትኛው ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ይሰጠዋል?» ብለሽ ጠይቂ። «ከክፍሉ ጋር ይለምደዋል» የሚል መልስ አይበቃም።

ነገሩ የሚበላሸው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። የኢመርዥን ልጅ የእንግሊዝኛ ንባቡ መጀመሪያ ላይ ወደኋላ መቅረቱ የሚጠበቅ ነው። ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ዲሲ ኬፕ የሚባለው ፈተና በእንግሊዝኛ ይመጣል። ወላጅ ይደነግጥና ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ያስወጣዋል። ያኔ የስፓኒሽ ንባቡ ተቋረጠ፣ እንግሊዝኛውም ገና አልያዘ፤ ልጁ ከሁለት ያጣ ይሆናል። እስከ 5ኛ ክፍል እንደምትቆዩ እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከዲሲ ውጭ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቤት ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ አትጀምሩት። ከፍ ባለ ክፍል ወደ ሌላ ኢመርዥን መዛወር የሚቻለው ብዙ ጊዜ የቋንቋ ፈተና ታልፎ ነው።

የቤት ሥራው አያስፈራሽ። ስፓኒሽ እንደተጻፈ ይነበባል፤ አናባቢዎቹ 5 ናቸው፣ ድምፃቸውም አይለዋወጥም። ኤች አትነበብም፣ ጄ እንደ «ኸ» ናት፣ ኤን ላይ ሰረዝ ያለባት የኛዋ «ኘ» ናት። ይህን ይዘሽ ልጁ ሲያነብ በጣትሽ እየተከተልሽ ማድመጥ ትችያለሽ፤ ትርጉሙን እሱ ይንገርሽ።

ልትጎበኚ ስትሄጂ ፕሪኬ ክፍሉን ብቻ አይተሽ አትመለሺ፣ እሱ ሁልጊዜ ያምራል። 4ኛ ክፍል ግቢና መምህሩ ስፓኒሽ ሲጠይቅ ልጆቹ በምን ቋንቋ እንደሚመልሱ ስሚ። በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ከሆነ ፕሮግራሙ ስሙን ብቻ ነው የያዘው። ከ5ኛ በኋላ የት እንደሚቀጥሉም ጠይቂ። ከዩ ዪንግ፣ ከስቶክስ፣ ከላም (LAMB)፣ ከዲሲ ባይሊንግዋልና ከሙንዶ ቨርዴ የሚወጡ ልጆች ከ6ኛ ክፍል ወደሚጀምረው ዲሲ ኢንተርናሽናል የሚያልፉበት መስመር አላቸው፤ መስመር የሌለው ትምህርት ቤት ሲሆን 6ኛ ክፍል ላይ እንደገና ሎተሪ ነው።

ሞንቴሶሪ_አሠልጣኝ

«ያሻቸውን ያደርጋሉ» የሚለው ልክ አይደለም። ልጁ የሚመርጠው መምህሯ አንድ በአንድ ካሳየችው ሥራ ውስጥ ነው። ያልታየውን አይነካም፣ የጀመረውን ጨርሶ መደርደሪያው ላይ ይመልሳል። ሮዝ ግንብ የሚባለውን የሞንቴሶሪ ዕቃ ውሰጂ፦ 10 ኩብ ነው፣ ትንሹ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ 10 ሳንቲ ሜትር። አንዱ ተሳስቶ ከተቀመጠ ግንቡ ራሱ ስህተቱን ለልጁ ያሳየዋል፤ መምህሯ «ተሳስተሃል» ማለት አያስፈልጋትም። ነጻነቱ እዚህ ድረስ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ስሙ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ሞንቴሶሪ» የሚለውን ስም ማንም በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል፤ በሕግ የተያዘ የንግድ ስም አይደለም። ስለዚህ ስትጎበኚ ዓይንሽ ይሥራ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው ወይስ በዕድሜ ተለያይተዋል? ጠዋት ሳይቆራረጥ 3 ሰዓት ያህል የሥራ ጊዜ አለ ወይስ በየ30 ደቂቃው «ኑ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ» ይባላል? ዋና መምህሯ የኤኤምአይ ወይም የኤኤምኤስ (የሞንቴሶሪ ማኅበራት) ሥልጠና በዚያው የዕድሜ ክልል አላት? መደርደሪያው ላይ የጎደለ ወይም የተሰበረ ዕቃ ተከማችቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ፎቶ ኮፒ ወረቀት በዝቶ ካየሽ ተመለሺ።

ልጅሽ በፕሪኬ 4 ከገባ የሦስት ዓመቱን ዙር ከመካከል ነው የሚጀምረው። ይህ ችግር የለውም። ችግሩ ብዙ ቤተሰብ ኪንደርጋርተን ሲደርስ «አሁን የሰፈሩ ቦታ ተረጋግጧል» ብሎ ያስወጣዋል። ሦስተኛው ዓመት ልጁ ትልቅ ሆኖ ታናናሾቹን የሚያሳይበት፣ በወርቃማዎቹ የመቁጠሪያ ዶቃዎች የተማረው ሺህና መቶ ወደ ወረቀት ሒሳብ የሚሻገርበት ዓመት ነው። ኪንደርጋርተንን እዚያው ለመጨረስ ካላሰብሽ ይቅርብሽ።

እንግሊዝኛው ገና የሆነ ልጅ ላይ አንድ ስጋት አለኝ፤ የሙያ ባልደረቦቼ ባይወዱትም እላለሁ። ዝምተኛ ልጅ በዚህ ክፍል ውስጥ በደንብ ይሠራል፣ ማንንም አይረብሽም፣ ሳይናገር ወራት ሊያልፉት ይችላሉ። «ጎበዝ ነው፣ ሥራውን ይወዳል» የሚል ሪፖርት ብቻ ከደረሰሽ «በዚህ ሳምንት ስንት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ? ከማን ጋር?» ብለሽ ጠይቂ።

ፊደሉን ቤት ውስጥ በዚሁ መንገድ ማስተማር ይቻላል። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ግዢ፣ «ለ»፣ «መ»፣ «ተ» እያልሽ ቆርጠሽ ካርቶን ላይ ለጥፊ። ልጁ በሁለት ጣቱ በአጻጻፉ አቅጣጫ ይዳስሰው። በአንድ ጊዜ ከሦስት አትበልጪ። መጀመሪያ «ይህ ለ ነው» ትይዋለሽ። ከዚያ «ለን አሳየኝ»። በመጨረሻ «ይህ ምንድን ነው?» ሦስተኛው ላይ ከተሳሳተ አታርሚው፣ ነገ ከመጀመሪያው ጀምሪ። መልካቸው የሚቀራረቡትን፣ ለምሳሌ «ሰ»ንና «ለ»ን፣ በአንድ ቀን አታቅርቢ።

እናት_ከዋርድ4

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። መመዝገቢያው ላይ «ልጁ መጀመሪያ የተናገረው ቋንቋ» ለሚለው «እንግሊዝኛ በይ፣ አለዚያ ደካማ ክፍል ይከቱታል» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ሌላው ደግሞ «ዋተር ስጪኝ»፣ «ሹዜ የት አለ» እያለ ያቀላቅላል። ያሳስባል?

የኢኤስኤል_መምህር

በፍጹም እንግሊዝኛ ብለሽ እንዳትሞዪ። ያ ቅጽ ልጁን ለመለየት ሳይሆን የእንግሊዝኛ ደረጃው እንዲለካና ድጋፍ እንዲያገኝ ነው። «አማርኛ» ካልሽ አጭር መለኪያ ይሰጠዋል፤ ካስፈለገው ድጋፉ በሕግ የሚገባው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ላው እና ኒኮልስ በተባለው ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ነው፦ የማይገባው ቋንቋ ውስጥ ልጅን ያለ ድጋፍ ማስቀመጥ እኩል ትምህርት አይደለም። «እንግሊዝኛ» ብሎ የተመዘገበ ልጅ 2ኛ ክፍል ላይ ንባብ ሲከብደው፣ ምክንያቱ ቋንቋ ሆኖ ሳለ የመማር ችግር ይመስላል። ያኔ መመለስ ከባድ ነው።

ማቀላቀሉ አያሳስብ። «ሹዜ» ያለ ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ሰዋስው አስገብቶታል፤ ይህ የጤነኛ አእምሮ ሥራ ነው። «አዎ፣ ጫማህ በሩ ጋ ነው» ብለሽ በአማርኛ መልሺለት እንጂ «በትክክል በል» አትበዪው። የሚያሳስበው በአማርኛም በዕድሜው የሚጠበቀውን ያህል ካላወራ፣ ወይም ከቤተሰብ ውጭ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ንግግሩን የማይረዳው ከሆነ ነው። እንደዚያ ከሆነ ትምህርት እስኪጀመር አትጠብቂ። የዲሲ ትምህርት ቤቶች ኧርሊ ስቴጅስ የሚባል ማዕከል አላቸው፤ ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ያሉ ልጆችን በነጻ ይመረምራል። ምርመራው በአማርኛም ጭምር እንዲሆን ጠይቂ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተለካ ውጤቱ የልጁን ሳይሆን የቋንቋውን ክፍተት ያሳያል። አስተርጓሚ መጠየቅ ደግሞ ውለታ አይደለም። የ2004ቱ የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የሚያስገድደው ነው፣ አማርኛም ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጁን ወይም ዘመድን አስተርጓሚ አታድርጊ።

ስለ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ማንም ብዙ ስላላለ እኔ ልበል። ቋንቋ ለሚለምድ ልጅ ትልቁ መምህር ከትምህርት በኋላ አብሮት የሚጫወት ልጅ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ጓደኛን ከቤቱ አጠገብ ይሰጠዋል። በዋርድ 4 ባሉ ትምህርት ቤቶች አማርኛ ተናጋሪ ልጅና ሠራተኛ ማግኘትም እንግዳ ነገር አይደለም። ጉብኝት ስትሄጂ የኢኤስኤል መምህራኑ ስንት እንደሆኑ፣ ልጁን ከክፍል አውጥተው ነው ወይስ ክፍል ውስጥ ገብተው የሚያግዙት፣ የንባብ ትምህርቱ በድምፅና ፊደል ግንኙነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ጠይቂ። ለሦስተኛው ጥያቄ ሰነፍ መልስ አትቀበዪ፤ «መጻሕፍት ውስጥ እናስጠልቃቸዋለን» በቂ አይደለም።

ከምዝገባ_ጠረጴዛ

እናቱ ማለዳ፣ አባቱ ሌሊት የሚሠሩ ከሆነ መጓጓዣው ነገሩን ይወስነዋል። በዲሲ ቢጫ አውቶቡስ የሚመደበው በልዩ ትምህርት ዕቅዱ ላይ ለተጻፈለት ተማሪ ነው እንጂ ቻርተር ለመረጠ ሁሉ አይደለም። በሜትሮ በነጻ የሚያስኬደው የተማሪ ካርድ ከ5 ዓመት ጀምሮ ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ በምንም መንገድ ብቻውን አይሄድም። 35 ደቂቃ ሄዶ መመለስ ለወላጁ ጠዋት ብቻ 70 ደቂቃ፣ ከሰዓት ሲጨመር ከ2 ሰዓት በላይ ነው። ሌሊት ሠርቶ ያደረ ሰው ይህን ጃንዋሪ ላይም ይችለዋል? ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የሥራ ቀን ጠዋት መንገዱን ሂዱበት። ፕሪኬው በነጻ ቢሆንም አፍተር ኬሩ (ከትምህርት በኋላ ያለው ጥበቃ) ለብቻው ነው፤ ክፍያውን፣ የሚዘጋበትን ሰዓትና ለ4 ዓመት ልጅ ቦታ መኖሩን በጽሑፍ ጠይቂ።

በነገርሽን ብቻ ብፈርድ፣ እስከ 5ኛ ክፍል እዚሁ ዲሲ እንደምትቆዩ ካልቆረጣችሁ የሰፈሩን አንደኛ አደርገዋለሁ። ከቆረጣችሁና መንገዱን የሚችል ሰው ካለ ኢመርዥኑን አንደኛ፣ የሰፈሩን ሁለተኛ። ሞንቴሶሪውን የማስቀድመው ጎብኝታችሁት መምህሯን ካመናችሁ ብቻ ነው። ፕሪኬ 4 ላይ በሁለቱም ዓይነት ቻርተሮች የሚከፈተው መቀመጫ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በፕሪኬ 3 ይሞላል። ለታናሽ እህቱ ግን ይህ ጥሩ ወሬ ነው፦ ወንድሟ የገባበት ትምህርት ቤት የእህትማማችና ወንድማማች ቅድሚያ ስለሚሰጥ 3 ዓመት ሲሞላት ከፊት ትሰለፋለች። ማመልከቻዋ ላይ ስሙንና የተማሪ መረጃውን በትክክል አያይዢ፤ ሳይያያዝ ከቀረ ቅድሚያው አይቆጠርም።

ውጤቱ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይወጣል። የደረሰሽን ቦታ በተሰጠው ቀን ውስጥ የዲሲ ነዋሪነት ማረጋገጫና የክትባት ወረቀት ይዘሽ ሄደሽ ተመዝገቢ። ተመዝግበሽም ከላይ ባሉት ተጠባባቂ ሆነሽ ትቀጥያለሽ፣ ቦታሽን መያዝ ወረፋሽን አያጠፋም። ወረፋው በብዛት የሚንቀሳቀሰው የመመዝገቢያው ቀን እንዳለፈና ኦገስት ላይ ትምህርት ሊጀመር ሲል ነው። ሲደውሉልሽ መልስ የምትሰጪበት ቀን አጭር ስለሆነ ማመልከቻው ላይ የሁለታችሁንም ስልክ ጻፊ፣ የማታውቂው ቁጥር ሲደውልም አንሺ።