ለቅዳሜው የአማርኛ ቤተ መጻሕፍት ግራንት ስንጠይቅ

ከዴንቨር፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻችን አማርኛ እናስተምራለን። አሁን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ልንከፍት አስበናል። «ግራንት ጠይቁ» ይሉናል፣ የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ ማለታቸው ነው፤ ከየት እንደሚጀመር የሚነግረን ግን አጣን። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ አካፍሉን። እህታችሁ ነኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኛ ሁለት ጊዜ ጠይቀን አንዴ ተከልክለናል፣ አንዴ አግኝተናል። ብዙ የተማርኩት ከተከለከልነው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የመጀመሪያውን ፕሮፖዛል፣ ማለትም የማመልከቻ ጽሑፉን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት። ስለ ታሪካችን፣ ስለ ፊደላችን፣ ልጆቻችን ማንነታቸውን እንዳያጡ ስላለን ስጋት፣ ሁሉንም አሰፈርኩ። ሳነበው እንባዬ መጣ። የጠየቅነው 12,000 ዶላር ነበር። መልሱ ሦስት መስመር ደብዳቤ ሆኖ መጣ፤ አልተቀበሉንም።

ደወልኩና ምክንያቱን ጠየቅኩ። ይህን እናንተም አድርጉ። ብዙ ሰጪዎች ሲጠየቁ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ይነግራሉ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሁት ነበረች። ማመልከቻችንን ከፊቷ አድርጋ «ቅዳሜ ስንት ልጅ ይመጣል?» አለችኝ። «23» አልኳት። «የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?» አለች። የትም አልነበረም። በጀቱ ላይ ደግሞ 40 ቦርሳ ጠይቀን ነበር። ለ23 ልጅ 40 ቦርሳ ለምን እንዳስፈለገ እኔም መልስ አልነበረኝም።

ያን ቀን ነገሩ ገባኝ። ገምጋሚው እኛን አያውቀንም። የቱንም ያህል ስለ ፊደላችን ውበት ብንነግረው፣ እዚህ ሰፈር፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደጎደለ ካላየ ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያወጣ አያውቅም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ከመጻፌ በፊት ስምንት ቅዳሜ ቆጠርኩ። አንድ ደብተር ገዝቼ በር ላይ አስቀመጥኩ። የልጁ ዕድሜ፣ የመጣበት ሰፈር፣ ወደ ቤት ይዞት የሄደው መጽሐፍ እየተጻፈ ሄደ። ያለን 11 የልጆች መጽሐፍ ብቻ ነበር፣ አንድ ካርቶን ውስጥ። ከእነሱ አንዱ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ የተረት መጽሐፍ ነው፤ ሦስት ልጆች ተደራርበው ነበር የሚያነቡት። አንድ ቅዳሜ የሰባት ዓመቷ ልጅ «ለአያቴ ላንብብላት» ብላ ወሰደችው። በሳምንቱ እሷ ታማ ቀረች፤ ሁለቱ ልጆች ካርቶኑን ሲያገላብጡ ቆይተው ተነስተው ወጡ። ይህችን ታሪክ በአራት መስመር ጻፍኳት። ከሥሯ የስምንቱን ሳምንት ቁጥር አስቀመጥኩ። የፕሮፖዛሉ መክፈቻ እሷ ሆነች።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም ሥራቸውን የጀመሩት እንዲህ ካለ ክፍተት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ መደርደሪያው ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡ። ከዚያ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት እስከ መክፈት ደረሱ። ባዶ መደርደሪያ ለማንም ሰው፣ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል።

ወደ በጀቱ ልምጣ። ሁለተኛ ጊዜ የጠየቅነው 4,800 ዶላር ብቻ ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ 160 መጻሕፍት፣ እያንዳንዳቸው በ15 ዶላር፣ 2,400። ተረት ለምታነብልን ባለሙያ ለ20 ቅዳሜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በሰዓት 30 ዶላር፣ 1,200። ሁለት መደርደሪያ 600። የተወሰኑትን መጻሕፍት ከአዲስ አበባ ለማስመጣት 400። ለመዝገብና ለኅትመት 200። እያንዳንዷ መስመር ከጽሑፉ ውስጥ ካለ ዓረፍተ ነገር ጋር ትገናኛለች። ከመላካችን በፊት ስለ እኛ ምንም የማታውቅ ጎረቤቴን በጀቱን ብቻ አስነበብኳትና «ምን ልንሠራ ይመስልሻል?» አልኳት። በትክክል ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የላክነው።

የራሳችሁን አስተዋጽኦ መጻፍ አትርሱ። ይሄ ላይ እኛ ይሉኝታ ያጠቃናል። ሦስት በጎ ፈቃደኞች በ20 ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሰዓት ሲያገለግሉ 120 ሰዓት ነው። አዳራሹን በነፃ የሰጠን ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጻፈልን። ብዙ ሰጪዎች ለሃይማኖት ትምህርት ገንዘብ ስለማይሰጡ፣ ትምህርቱ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ልጅ ክፍት መሆኑን በግልጽ ጽፈናል። እውነትም ነው፤ እኛ ጋ ሁሉም ይመጣል።

ማንን ትጠይቃላችሁ? ገንዘብ የሚሰጥ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ለአይአርኤስ፣ ማለትም ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ የሚያስገባው 990 ፒኤፍ የሚባል ቅጽ አለ፤ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ለማን ስንት እንደሰጠ ተዘርዝሯል። የአምስት መቶ ሺህ ዶላር ስጦታ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የእናንተን 4,800 አያየውም፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ካንዲድ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀውን የፋውንዴሽኖች ማውጫ ደግሞ በብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ።

የፌዴራል የቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ትልቁ ክፍል ለየግዛቱ የቤተ መጻሕፍት ቢሮ ነው የሚሰጠው። በማርች 2025 ገንዘቡን የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት እንዲቀነስ ከፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ስለወጣ፣ በእሱ ላይ ብቻ ተስፋ እንድትጥሉ አልመክርም። የሚሻለው የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት አጋር ማድረግ ነው። እኛ ሄደን የልጆች ክፍል ኃላፊዋን አናገርናት። የድጋፍ ደብዳቤ ሰጠችን፣ መጻሕፍቱን እንዴት መመዝገብ እንዳለብንም አሳየችን።

ሕጋዊውን ነገር ባጭሩ፦ ሰጪዎች አብዛኛውን ጊዜ 501 ሲ 3 የሚባለውን፣ አይአርኤስ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጠውን ከግብር ነፃ የመሆን ፈቃድ ይጠይቃሉ። የዓመት ገቢያችሁ ከ50,000 ዶላር፣ ንብረታችሁ ከ250,000 የማይበልጥ ከሆነ፣ አጭሩን የማመልከቻ ቅጽ መሙላት ትችሉ ይሆናል፤ ክፍያው 275 ዶላር ነው። ረጅሙ 600 ነው። ፈቃዱ እስኪወጣላችሁ፣ ቀድሞ ፈቃድ ያለው ሌላ ድርጅት ጥላ ሆኖላችሁ ገንዘቡን ሊቀበልላችሁ ይችላል። ፈቃዱን ካገኛችሁ በኋላ ለአይአርኤስ የሚገባውን ዓመታዊ ሪፖርት አትርሱ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ካልገባ ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል። ትልልቅ ማኅበሮች በዚህ ሲሰናከሉ አይቻለሁና ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

ሁሉም ሰጪ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች፤ ገንዘቡ ሲያልቅስ? ድሮም ነበረች። አሜሪካዊው የብረት ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊ ለከተሞች የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ሲሠሩ፣ ከተማው ቦታውን እንዲሰጥና የሕንፃውን ወጪ አሥር በመቶ በየዓመቱ ለማስተዳደሪያ እንዲመድብ ቃል ያስገቡት ነበር። እኛ የጻፍነው 15 ቤተሰብ በወር አሥር አሥር ዶላር ለማዋጣት መፈረሙን ነው። እቁብና ዕድር ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የፈረሙበትን ወረቀት አያያዝነው። በኋላ እንደነገሩን ገምጋሚዎቹ ይበልጥ የወደዱት እሱን ነው።

ከአትላንታ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚጽፍልን ሰው አግኝተናል፤ ግራንቱ ከተገኘ አሥር በመቶ ልውሰድ ይላል። ይሻል ይሆን?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አይሆንም። የግራንት ጸሐፊዎች የሙያ ማኅበራት የሥነ ምግባር ደንብ ራሱ በፐርሰንት መከፈልን ይከለክላል። ግራንቱ ደግሞ ለተጻፈለት ሥራ ብቻ ነው የሚውለው፤ ከመፈቀዱ በፊት ለወጣ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። ሰው መቅጠር ካለባችሁ ዋጋውን ቀድማችሁ ቁረጡ፣ ከራሳችሁ ኪስ ክፈሉ። የመንግሥት ምዝገባ እንጨርስላችሁ ብለው ገንዘብ የሚጠይቁም አሉ፤ የፌዴራል ግራንት ጠያቂዎች የሚመዘገቡበት ሳም ዶት ገቭ የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ በነፃ ነው።

ደግሞ ልጆቹን ያየ ሰው የጻፈውን የሚያህል የለም። የዴንቨሯ እህቴ፣ ነገ ሳይሆን የፊታችን ቅዳሜ ደብተር ይዘሽ በር ላይ ቁሚ። ስምንት ሳምንት ሲሞላ ረቂቁን ላኪልኝ፤ ከነበጀቱ አነብልሻለሁ።