ያነበብነውን ሳይንስ ፊክሽን ጠረጴዛ ላይ መጫወት (አዳማ፣ 5 ሰው፣ የሉዶ ዳይስ ብቻ)

ነፋሻው (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዳማ ውስጥ አጫጭር የሳይንስ ፊክሽን ታሪኮችን አብረን የምናነብ 5 ሰዎች ነን። አሁን ደግሞ ያነበብነውን በሮልፕሌይ መልክ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ) መጫወት አሰብን፤ አንዱ ዓለሙን የሚተርክ አጫዋች፣ አራቱ ተጫዋች። ሦስት ነገር ይዞናል። ታሪኩን ሁላችንም ስለምናውቀው ሁሉም የዋናውን ገጸ ባሕርይ መንገድ መድገም ይፈልጋል። ባለ 20 ፊት ዳይስ የለንም፤ ያለው ከሉዶ የተወሰደ ባለ 6 ፊት ነው። ሳይንሱ ላይ ደግሞ ሙግት ይነሣና ጨዋታው እዚያው ይቀራል። ያለን ጊዜ እሑድ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ነው። ከየት እንጀምር?

ባለ ካሬ ደብተር
ከታሪኩ ውስጥ ሴራውን ተዉትና ሕጉን ብቻ ውሰዱ። ጥሩ የሳይንስ ፊክሽን ታሪክ ብዙ ጊዜ ከእኛ ዓለም የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የቀረው የዚያ ነገር መዘዝ ነው። ያን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ካስፈለጋችሁ ገና አላገኛችሁትም።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የጠፈር ሮልፕሌይ ጨዋታ ትራቭለርን እዩ። እዚያ ዓለም ውስጥ ከመርከብ ቀድሞ የሚደርስ ወሬ የለም፤ መርከብም ከኮከብ ወደ ኮከብ ለመዝለል አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ከዚህች ሕግ ብቻ ስንት ጨዋታ እንደሚወጣ አስቡት፦ መሻሩን ሳይሰማ ትእዛዝ የሚሰጥ ሹም፣ የዋጋ መውደቁን ወሬ ቀድሞ ይዞ የገባ ነጋዴ፣ ደብዳቤ በጫነች መርከብ ላይ የሚፈጸም ዝርፊያ።

ሕጉ ከተጻፈ በኋላ ከሥሩ እነዚህን ጨምሩ፦ በሕጉ የሚጠቀሙ ሦስት ወገኖች፣ የሚጎዱ ሦስት ወገኖች፣ እያለቀ ያለ አንድ ነገር (አየር፣ ውኃ፣ መድኃኒት) እና ሳይመሽ መወሰን ያለበት አንድ ጉዳይ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ከዚያ ቦታውንና ዘመኑን አርቁ፤ ሌላ ከተማ፣ ከታሪኩ 10 ዓመት በኋላ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የለም፤ ሞቷል ወይም ሄዷል። የሚደገም መንገድ ስለሌለ የመጀመሪያው ችግራችሁ እዚህ ላይ ያበቃል።

የታሪክ ምርጫ ላይ ተጠንቀቁ። ኃይሉ በሙሉ በመጨረሻዋ አንቀጽ ድንገቴ ላይ የተንጠለጠለ ታሪክ ለጨዋታ አይሆንም፤ ድንገቴው ከታወቀ የሚቀር ነገር የለም። አንድ ሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያስብበትም እንደዚያው። ብዙ ሰው አንድ ነገር የሚሻማበትን ምረጡ።

ገጸ ባሕርያቱን ስታዘጋጁ እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ነገር ይጻፍ፦ የሚፈልገውን አንድ ነገር፣ እና በቀኙ ለተቀመጠው ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ያለበትን ዕዳ ወይም የደበቀውን ምሥጢር። ይህ ካልተደረገ አራቱም ለየብቻ ጀግና ሆነው አራት አቅጣጫ ይበተናሉ፤ አጫዋቹም አራት ጨዋታ ባንድ ጊዜ ሲያጫውት ይውላል።

ሁለት ዳይስ
ባለ 20 ፊት የሚያስፈልገው ለታዋቂው የሮልፕሌይ ጨዋታ ለዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስና ለዘመዶቹ ነው። ለእናንተ ሁለት የሉዶ ዳይስ ይበቃል። ተጫዋች አንድ ነገር ሲሞክር ሁለቱን ጥላችሁ ደምሩ፦ 10 እና በላይ ሙሉ በሙሉ ተሳካ፤ ከ7 እስከ 9 ተሳካ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ 6 እና በታች ነገሩ ይበላሻል። ያለ ጭማሪ (ገጸ ባሕርይው ጎበዝ በሆነበት ነገር ድምሩ ላይ የሚጨመርለት ነጥብ) ሲጣል ከ36 ዕድል ውስጥ 6ቱ ሙሉ ስኬት፣ 15ቱ ስኬት በዋጋ፣ 15ቱ ብልሽት ነው። +1 ያለው ሰው 10፣ 16፣ 10 ይሆንለታል። በ+2 ደግሞ 15፣ 15፣ 6። በ+3 ብልሽቱ ከ36 ዕድል ውስጥ 3 ብቻ ስለሚሆን የሚያስፈራ ነገር አይቀርም፤ ስለዚህ ጣሪያው +2 ይሁን።

ብዙ አጫዋች የሚቸገረው ከ7 እስከ 9 ላይ ነው። ዋጋው እዚያው ተፈልጎ አይገኝም፣ ዝም ይባላል፣ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ቀድማችሁ ስድስት ዋጋ ጽፋችሁ ያዙ፦ ጊዜ ባከነ፣ እያለቀ ካለው ነገር አንድ ቀነሰ፣ መሣሪያ ተሰበረ፣ ያልተፈለገ ሰው ሰማ፣ ውለታ ገባችሁ፣ ከቡድኑ አንዱ ተነጠለ። ካልመጣላችሁ አንድ ዳይስ ጥላችሁ ከዝርዝሩ ምረጡ። በር ለመክፈት ሁሉ ደግሞ ዳይስ አይጣልም፤ ባይሳካ ምንም የማይለወጥ ከሆነ ዝም ብሎ ይሳካ።

የሉዶ ዳይስ አንዳንዱ ሚዛኑ የተዛባ ነው። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ዳይሱ እስኪንሳፈፍ ጨው አሟሙበትና ደጋግማችሁ በጣት ገልብጡት። አንዱ ፊት እየተመላለሰ ወደ ላይ ከመጣ ለሉዶው መልሱት።

የግድ ባለ 20 ይሁን ካላችሁ ካርታ መጫወቻ አለ፤ ከአንዱ ቀይ ዘርና ከአንዱ ጥቁር ዘር ከ1 እስከ 10 ያሉትን ለዩ። ቀዩ እንዳለ ይቆጠራል፣ ጥቁሩ ላይ 10 ይጨመራል። የተሳበው ካርታ ሁልጊዜ ተመልሶ ይበወዝ፤ ውጭ ከቀረ የቀሩት ዕድሎች ይለወጣሉ፣ ኮንከር የለመደ ሰው መካከላችሁ ካለም ወዮላችሁ።

ሕግ ማጥናት የሚከብዳቸው ከሆነ ጆን ሃርፐር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውና በነፃ የሚገኘው ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ የተባለው የሮልፕሌይ ጨዋታ ሕጉ አንድ ገጽ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ2 እስከ 5 አንድ ቁጥር ይመርጣል። በሳይንስና በስሌት የሚሠራ ነገር ከሆነ ከቁጥሩ በታች፣ በስሜትና በሰው ግንኙነት ከሆነ ከቁጥሩ በላይ መጣል አለበት። ልክ ቁጥሩ ከወጣ አጫዋቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፣ አጫዋቹም እውነቱን መመለስ ግዴታው ነው። ለመጀመሪያው እሑድ እኔ ይህን እመርጥላችኋለሁ።

አየር ቆጣሪ
ባለ ካሬ ደብተር ያለው ልክ ነው፤ ግን ሦስት ተጠቃሚና ሦስት ተጎጂ ለ3 ሰዓት ይበዛል፣ ሁለት ሁለት አድርጉት።

ወደ ሳይንሱ ሙግት ስንመጣ፣ ከጨዋታው በፊት አንድ የቁጥር ወረቀት አዘጋጅታችሁ መሃል አስቀምጡ። ወረቀቱ ላይ ያለ አይከራከሩበትም፤ የሌለውን አጫዋቹ ይወስናል፣ ሙግቱ ከ11 ሰዓት በኋላ። ቁጥሩ ለጨዋታ የሚሆን ካልሆነ አታስገቡት። ለምሳሌ፦

ከምድር ወደ ማርስ የሬዲዮ መልእክት ለመሄድ ብቻ እንደ ርቀታቸው ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። ጨረቃ ግን 1.3 ሰከንድ ስለሆነ መነጋገር ይቻላል። ማርስ ላይ ከሆናችሁ ጥያቄው በወረቀት ይጻፍ፣ ስልክ ላይ 20 ደቂቃ ይሞላ፣ መልሱ ሲጮኽ ይሰጥ። ዝም ብሎ መጠበቅ ጨዋታውን ይገድለዋል፤ ስለዚህ መልሱ ከመምጣቱ በፊት መወሰን ያለበት ሌላ ጣጣ ጨምሩባቸው።

አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈጃል። ለአራት ሰው 3.4 ኪሎ ያህል ነው፤ 34 ኪሎ ያለበት ሲሊንደር 10 ቀን። አሥር ካሬ ሣሉና በቀን አንድ ሰርዙ። ይሁን እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀድሞ የሚገድለው የኦክስጅን ማለቅ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ጨረቃ በተላከችው አፖሎ 13 ላይ የገጠመው ይኸው ነበር፤ የዋናው መንኮራኩር የአየር ማጣሪያዎች አራት ማዕዘን፣ የጨረቃ ማረፊያዋ ማስገቢያዎች ደግሞ ክብ ነበሩና በፕላስቲክ፣ በካርቶንና በቴፕ አገናኟቸው። እንደዚህ ዓይነት የማይገጥም ዕቃ ከጭራቅ የተሻለ ጨዋታ ይሰጣል።

የማርስ ስበት የምድር 38 በመቶ ነው። 100 ኪሎ ሳጥን ማንሣት ይቀላል፣ ተንደርድሮ የመጣን ሳጥን ማቆም ግን አይቀልም፤ መጠነ ቁሱ አልቀነሰም። ብዙው ሙግት ከዚህ ነው የሚነሣው።

ነፋሻው (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማርስን ትተን አዳማ ላይ ብናደርገውስ?

ወንጂ ማዶ
ይሻላል እንጂ፤ ቦታውን ማስረዳት ይቀርላችኋል። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይን አላቸው፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት። ሕጉ እንዲህ ይሁን፦ ተርባይኖቹ ያመነጩትን ለማን እንደሚሰጡ ራሳቸው ይወስናሉ። 136ቱን በተናጠል መያዝ አይቻልም፤ በስድስት ስብስብ ክፈሏቸውና አንድ ስብስብ አንድ ኃይል ይስጥ። ፈላጊዎቹ፦ ሆስፒታሉ 2፣ የጅቡቲው ባቡር 3፣ የውኃ ፓምፑ 2፣ የወንጂ ስኳር 2። ድምሩ 9፣ ያለው ቢበዛ 6። በየ30 ደቂቃው የነፋስ ዳይስ ጣሉ፤ 1 ወይም 2 ከወጣ ሦስት ስብስብ ብቻ ይዞራል፣ 3 ወይም 4 ከሆነ አራት፣ 5 ወይም 6 ከሆነ ሁሉም። እያንዳንዱ ስብስብ የራሱ ጠባይ ይኑረው፤ አንዱ ብዙ ሰው ያለበትን ያስቀድማል፣ አንዱ ቃሉን ያጠፈን አይሰማም። ተጫዋቾቹ የሚላኩት እነሱን ሊያግባቡ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ እስከ 8፡25 ገጸ ባሕርይ ጨርሱ፤ ከ10፡30 በኋላ አዲስ ችግር አታምጡ።

ነፋሻው (ጠያቂ)
ለስድስቱ ስብስብ ምልክት ምን እንጠቀም?

ወንጂ ማዶ
ቆርኪ። ሲዞር በጀርባው፣ ሲቆም በፊቱ አስቀምጡት፤ ቁጥሩን በሁለቱም በኩል በማርከር ጻፉበት፣ አለዚያ ሲገለበጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋችኋል።