የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልጋ ራስጌው አልነሳ አለኝ፤ ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ታካሚ ነገ ሊቀመጥ ነበር፣ ምን ላድርግ?

የሌሊት ተረኛ፦
ሰላም፣ አስቸኳይ ነው። አይሲዩ ተረኛ ነኝ። የታካሚዬ አልጋ የራስጌው ማዞሪያ አሁን ተሰበረ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። ሰውየው ቬንትሌተር ላይ 8ኛ ቀኑ ነው። ቴክኒሻን የሚገባው ጠዋት ነው፣ ባዶ አልጋ የለም። ፊዚዮው (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) ደግሞ ነገ 3 ሰዓት ላይ አልጋ ጠርዝ እናስቀምጠዋለን ብሎ ቻርቱ ላይ ጽፎ ሄዷል። እግሩ እንጨት አክሏል፣ ነገ እንዲያመልጠው አልፈልግም።

ነርስ ከደሴ፦
እህቴ፣ ብርድ ልብስ አጣጥፈሽ ከፍራሹ ሥር አስገቢ። ከጭንቅላቱ ሥር አይደለም፣ ከወገቡ ጀምሮ ከፍራሹ ሥር። አንገቱ ብቻ ከታጠፈ የመተንፈሻው ቲዩብም ይታጠፍብሻል።

ጋሽ ፊዚዮ፦
ሲስተር፣ ለምን እንደሚቸኮል ሰው ሁሉ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። እንግሊዝ ውስጥ በጠና የታመሙ ሰዎችን ጭን በአልትራሳውንድ ለክተው በ2013 ያወጡት ጥናት አለ፤ በ10 ቀን ውስጥ የጭኑ ጡንቻ ወደ 18 በመቶ ሟሟ። 10 ቀን ብቻ! በ2009 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ቬንትሌተር ላይ ባሉ 104 ሰዎች ላይ ሞከሩት። ማስተኛ መድኃኒቱን በየቀኑ እያቋረጡ ወዲያው እንቅስቃሴ ከጀመሩት 59 በመቶው ራሳቸውን ችለው ከሆስፒታል ወጡ፣ ከሌሎቹ 35 በመቶ። መቃዠታቸውም በግማሽ አጠረ፣ ከ4 ቀን ወደ 2። እና ተማሪዎቼን ሁሌ የምላቸው፣ ሰውየው ይንቃና ከዚያ እንጀምራለን አይባልም፣ ጉልበቱንና ክንዱን ማጠፍ መዘርጋቱ ተኝቶም ይጀመራል።

ሰፈር ልጅ፦
ከአልጋው እግር ሥር ጡብ አድርጊ። እኛ ቤት ለአያቴ እንዲያ ነው ያደረግነው።

ነርስ ከደሴ፦
ወንድሜ፣ የአይሲዩ አልጋ ጎማ አለው! ቢንሸራተት ሰውየው ከነማሽኑ ነው የሚሄደው። ጡብ አይሆንም።

ዶክተር ነኝ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ ላይ ነው ቅር ያለኝ። ነገ የግድ መቀመጥ አለበት ያለው ማነው? በ2022 በ6 አገር 750 ሰው ላይ የተሠራው ጥናት፣ እንቅስቃሴ የተጨመረላቸው ከተለመደው የተሻለ ውጤት አላገኙም። ጉዳት የደረሰባቸው ግን 9 በመቶ ገደማ ነበሩ፣ ሌሎቹ ጋ 4። ደግሞ ዋናውን አልነገርሽንም፤ ከማሽኑ የሚሰጠው ኦክስጅን ስንት ነው? የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ላይ ነው? ነቅቷል?

የሌሊት ተረኛ፦
ይቅርታ ዶክተር፣ ተጣድፌ ነው። ነቅቷል፣ እጄን ጨብጥ ስለው ይጨብጣል። ቲዩቡ በአፉ ነው። ኦክስጅን 45 በመቶ፣ ሳቹሬሽን (የደሙ ኦክስጅን) 94፣ ትንፋሽ 22። የግፊት ማንሻው ኖርአድሬናሊን ከትናንት ጀምሮ ቆሟል።

ጋሽ ፊዚዮ፦
ዶክተር፣ ጥናቱ ልክ ነው፣ ግን ሌላው ወገን ተኝቶ አልቀረም። እነሱም በቀን 9 ደቂቃ ገደማ ይንቀሳቀሱ ነበር፣ የተጨመረላቸው 21። እና የሚለን አታብዙ ነው እንጂ አትንኩ አይደለም። የዚህች ሲስተር ታካሚ ቁጥሮች ጥሩ ናቸው፤ ኦክስጅኑ ከ60 በታች፣ ትንፋሹ ከ30 በታች ነው።

ሰፈር ልጅ፦
ትራስ ከፍራሹ ሥር ብታደርጊስ?

ፊዚዮ ሐዋሳ፦
ሲስተር፣ ሁለት ነገር። ከአልጋው በታች ሌላ ማዞሪያ ካለ ሞክሪው፣ አልጋውን ሙሉ የሚያዘነብል ነው። ራስጌው ወደ ላይ ይሁን። እሱ ብቻ የሚፈለገውን 30 ዲግሪ አይሞላም፣ የደሴዋ እህት ያለችውን ብርድ ልብስ ጨምሪበት። እግሩ ሥር ትራስ አድርጊ፣ ወደ ታች እንዳይንሸራተት። ለሳንባው ሲባል ሌሊቱን ጠፍጣፋ አትተዪው። ሁለተኛ፣ ጠርዝ ላይ ለመቀመጥ ራስጌው መነሳቱ ግድ አይደለም። ወደ ቬንትሌተሩ ጎን ታዞሩታላችሁ፣ እግሩን ታወርዳላችሁ፣ ከዚያ በትከሻው ታነሱታላችሁ። ሦስት ሰው ይኑር፣ አንዱ ሥራው ቲዩቡን መያዝ ብቻ ይሁን። ከመነሳቱ በፊት ሰክሽን አድርጉለት (አክታውን በማሽን ምጠጡለት)፣ ከንፈሩ ጋ ያለውን የቲዩቡን ቁጥር ጻፉ። ሳቹሬሽኑ ከ90 ከወረደ መልሳችሁ አስተኙት፣ ነገም ቀን ነው።

ዶክተር ነኝ፦
በዚህ እስማማለሁ። ጠዋት ቁጥሮቹ እንደገና ይታዩ፣ ታካሚዎችን ዞሮ የሚያየው የራውንዱም ሐኪም ይወቅ።

አስታማሚ ነበርኩ፦
ሐኪም አይደለሁም። አባቴ ቬንትሌተር ላይ 12 ቀን ቆይቶ ወጥቷል፣ ተመስገን። ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሰው አንዲት ሲስተር ከመንካቷ በፊት "አባባ፣ አሁን ላዞርዎት ነው" ትለው እንደነበር ነው። አፉ በቲዩብ ተይዞ መልስ መስጠት ባይችልም ይሰማ ነበር። እባክሽ ሲያስቀምጡት ንገሩት። አስታማሚውንም ጥሩት፣ የራሱን ሰው ሲያይ ጉልበት ያገኛል።

የሌሊት ተረኛ፦
የታችኛው ማዞሪያ ሠራ!! ብርድ ልብስም ጨምሬበታለሁ፣ ሳቹሬሽን 96። እግዜር ይስጣችሁ። ጠዋት ሲቀመጥ እጽፋለሁ።

ነርስ ከደሴ፦
ሲስተር፣ ሁለት ቀን ሆነ። ተቀመጠ?

አዲስ ተረኛ፦
እኛም ጋ እንዲህ ያለ አልጋ አለ። የታችኛው ማዞሪያ በየት በኩል ነው?